የናዝሬት ልክ በጎባ

የአቶ ኃይለየሱስ መኪና ከግራዝማች ተክለማርያም በር ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ዝም ብሎ ቢቆም ደግ ነበር። እንደታመመ በሬ እያጓራ፣ ጥቁር ጭሱን ለእልልታ በወጡት ሴቶች ነጠላ ላይ እየተፋ፣ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ጠፋ። እልልታውም አብሮት ጠፋ።

ፈለቀች በአጥሩ ቀዳዳ ይህን ሁሉ ታያለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በጎባ ሚዛን ቆማ የቀረች ናት። ከመኪናው ኋላ የተጫነው ሣጥን የእርሷ ጥሎሽ ነው፤ ቀሚሱ፣ ካባው፣ የአንገት ወርቁ። ሣጥኑ ግቢ ገብቶ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ አባቷ «ይከፈት» ካሉ፣ የሴት ልጅ አፍ ተዘጋ ማለት ነው። የዛሬ ሳምንት ሰርግ ነው። ከሰርጉ በኋላ ናዝሬት ነው። ከናዝሬት በኋላ ያለውን እግዜር ይወቀው።

«ሃምሳ እርምጃ ናት። ተሸክመውት አይገቡም?» አለች።

«ሰውየው እምቢ አለ» አለቻት አጠገቧ የቆመችው እኅተማርያም። «ጥሎሼ በሰው ትከሻ አይገባም፣ ጥሩንባ እየነፋሁ ነው የማስገባው ብሏል። አባትሽም ወደውለታል። መኪና በራቸው ላይ ሲቆም ጎረቤት እንዲያይላቸው ነው።»

«ይኸው አየላቸው።»

እኅተማርያም ከደብረ ብርሃን የመጣች አስተማሪ ናት። ጎባ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብርዱን ለምዳዋለች፣ ኦሮምኛውን ግን ከ«አካም» ሰላምታ አላለፈችም። የፈለቀች ዓይን እርሷ ናት። ግራዝማች «ሴት ልጅ ፊደል ከቆጠረች መጀመሪያ የምትጽፈው ለወንድ ነው» ብለው ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሳያስገቡ ስለቀሩ፣ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብላት፣ የሚሄደውንም የምትጽፍላት ይህችው አስተማሪ ነበረች። አዎ፣ ደብዳቤው መጥቷል። ፊደል ባትቆጥርም መጥቷል።

«ስሚኝማ» አለች እኅተማርያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መካኒክ ይጠራ ተብሏል።»

ፈለቀች ዞር ብላ አየቻት። ጎባ ውስጥ መካኒክ አንድ ነው።

«እሱ እዚህ በር ላይ ድርሽ ቢል በድንጋይ ነው የምቀበለው» አለች።

ይህን ብላ ከአጥሩ ሥር ግን አልተነሣችም።

* * *

ጃርሶ የዲማ ልጅ ነው። ዲማ ደግሞ በገሰራ መንገድ ባለው የግራዝማች መሬት ላይ ጭሰኛ ነው። ጃርሶ ክርስትና ሲነሣ የወጣለትን ስም ያነሣው ቄስ እንኳ ረስቶታል። በአንድ የመኸር ወራት የጌታውን ድርሻ ገብስ ጭኖ መጥቶ፣ ጎተራው በር ላይ አንድ ጆንያ ቀዶ አፈሰሰ። ፈለቀች ወጥታ ሰደበችው። እሱ እየሳቀ ገብሱን አንድ በአንድ ለቀመው። ሰድባው ነው የወደደችው፤ እሱም ተሰድቦ ነው የወደዳት። እንዲህም ያለ ፍቅር አለ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ናዝሬት ወርዶ ጋራዥ ገባ። «ጭሰኛ ሆኜ አልጠይቅሽም። እጄ ሙያ ይዞ፣ ለሁለተኛው ፋሲካ እመጣለሁ» ብሏት ሄደ። ደብዳቤው በእህል ነጋዴዎች እጅ ይመጣል፣ እኅተማርያም ቤት ይነበባል፣ ፈለቀች ቤቷ እስክትገባ ቃሉን በቃሉ ትይዘዋለች።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው በጥር ነው። እኅተማርያም አነበበችላት፤ «ለፋሲካ ያልኩሽን ነገር አልረሳሁም። ይህን ግን በሰው ቋንቋ ልነግርሽ አልቻልኩም፤ በእናቴ ቋንቋ እነግርሻለሁ» ይላል። ቀጥሎ ያለውን አስተማሪዋ የምትለውን ሳታውቅ ፊደል በፊደል ጎተተችው። «ጃርሶ... ሂን... ዱፉ።»

«ምን ማለት ነው?» አለች እኅተማርያም።

ፈለቀች ጎባ ተወልዳ ጎባ ያደገች ናት፤ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ጋር በአንድ ጡት ነው የጠባችው። «ጃርሶ አይመጣም ማለት ነው» አለች። ወረቀቱን ከእጇ ነጥቃ እሳት ውስጥ ከተተችው። አላለቀሰችም። የናዝሬቱ የእህል ነጋዴ አቶ ኃይለየሱስ ከዓመት በፊት ጀምሮ ሽማግሌ ይልካል፤ የዚያን ሳምንት የላካቸው ሲመጡ፣ አባቷ ነገሩን ሳይጨርሱላት «እሺ» አለች። እምቢ ስትል የኖረች ልጅ እሺ ስትል ግራዝማች ደንግጠው ውኃ አስመጡ።

ፋሲካ ደረሰ። አይመጣም የተባለው ሰው መጣ። ከገበያው በታች ጋራዥ ከፈተ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ወደ በሯ ዝር አላለም። ናዝሬት ቢቀር ኖሮ ትረሳው ነበር። መጥቶ ወደ እርሷ አለመምጣቱ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

* * *

የመሣሪያ ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ መጣ። ወደ አጥሩ ቀና ብሎ አላየም። አለማየቱን ፈለቀች አየች።

«የዲማ ልጅ፣ ቶሎ በል። ሽማግሌ ተቀምጧል» አሉት ግራዝማች ከበር ላይ።

«እሺ ጌታዬ።»

ኮፈኑን ከፈተ። ምንም ሳይነካ በፊት አጎንብሶ አሸተተ። አቶ ኃይለየሱስ አዲሱን ኮቱን በእጁ እየጠረገ ከላዩ ላይ ቆሟል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው እንዲያየው ብቻ ይወዳል።

«ናዝሬት ድምፁ እንኳ አይሰማም ነበር» አለ። «ከከተማው አንደኛ የተባለ መካኒክ ነው ያስተካከለው። እንዳታበላሽብኝ።»

ፈለቀች ከዚህ በላይ አልቻለችም። ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ከፍታ ቁልቁል ወረደች። ጥሎሹ ሳይገባ የታጨች ልጅ ከግቢ መውጣቷ ነውር ነው፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። እኅተማርያም ጫማዋ ጭቃ ውስጥ እየተቀረቀረ ተከተለቻት።

«ፈለቀች፣ ብርድ ነው እኮ። ግቢ» አለ አቶ ኃይለየሱስ።

«ጥሎሼን ያቆመብኝ ሰው ላይ ነው የመጣሁት።»

ጃርሶ ራሱን ከሞተሩ ሳያወጣ መለሰ። «መኪናውን ያቆምኩት እኔ አይደለሁም፣ እሜቴ። እኔ የተጠራሁት ላንቀሳቅሰው ነው።»

«አንተ መሄድ እንጂ ማንቀሳቀስ መቼ ታውቃለህ።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። የጠበቀችው እፍረት ነበር፤ ያገኘችው ንዴት ሆነ፤ ልክ እንደ ራሷ ያለ፣ ሌት ተቀን ሲብላላ የከረመ ንዴት። በምን መብቱ ነው የሚናደደው? ግራ ገባት፤ ግራ መግባቷም ይበልጥ አናደዳት።

ጃርሶ ካንዴላውን ፈታ። ጫፉ ጥቁር ነው፤ ደረቅ ጥላሸት እንደ ድስት ቂጥ ተጋግሮበታል። ለባለመኪናው አሳየው። «ይኸውልዎ። ቤንዚኑ በዝቶበት ሳይነድ እየቀረ ነው። የሚያጨሰውም፣ ሚኒሞ የማይዘውም በዚህ ነው።» ሚኒሞ የሚሉት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ቀስ ብሎ የሚሠራበትን ነው። የአየር መዝጊያውን በጣቱ ገፋ አደረገው። «ይህም ተከፍቷል፤ ከእሱ አይደለም።» የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ሲመታው የዶዶላ መንገድ አቧራ ቦነነ። በቤንዚን አጠበው። «ይህ ትንሹ ጥፋት ነው።»

«ትልቁስ?»

«ናዝሬት ቆላ ነው፣ ጌታዬ፤ አየሩ ወፍራም ነው። መካኒኩ ቤንዚኑን በዚያ አየር ልክ ሰፈረው፤ ሙያውን ያውቃል፣ ጥፋት የለበትም። እርስዎ ዲንሾን ወጥተው ጎባ ገቡ። እዚህ አየሩ ሳስቷል፤ ቤንዚኑ ግን ያው የናዝሬቱ ነው። ለአየሩ በዛበት።»

«ተሳስቷል ነው የምትለው?»

«እዚያ ልክ ነው። እዚህ ነው ልክ ያልሆነው።»

«ከናዝሬት የሚመጣ ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች ፈለቀች። «ጭስ ብቻ?»

አቶ ኃይለየሱስ መኪናውን የሰደበችበት መስሎት ሳቀ። ጃርሶ አልሳቀም። ከላይ ግራዝማች ባለመኪናውን ጠሩት፤ ሽማግሌዎቹ ቅዝቃዜው ሳይጠናባቸው አንድ ብርሌ ይያዝ አሉ። እሱም «ከነካህ ጨርሰው» ብሎ ዳገቱን ወጣ።

* * *

ሁለቱ ቀሩ። እኅተማርያም ራቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ ጃርሶ ካንዴላውን በቢላዋ እየፋቀ።

«አንተ ነህ እንኳን ደስ ያለሽ የምትለኝ?»

«ማን እንዲልሽ ፈልገሽ ነበር?»

«አልመጣም ብለህ ስትጽፍልኝ እጅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

ቢላዋው ቆመ። «አልመጣም ያለው ማን ነው?»

«አንተ ነሃ። ያውም በእናትህ ቋንቋ። ጃርሶ ሂን ዱፉ።»

«ሂን ዱፋ ነው ያልኩት።»

ሂን ዱፋ ይመጣል ነው፤ ሂን ዱፉ አይመጣም ነው። የኦሮሞ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ፋ እና ፉ ናቸው ሰውን የሚያመጡትና የሚያስቀሩት።

«አትዋሽ» አለች ፈለቀች። ድምጿ ግን ከአፏ ሲወጣ ቀጥኖ ነበር።

«እኔ ነኝ የምዋሸው? የፋሲካ ዋዜማ ሮቤ ገበያ ቆሜ ላንቺ ሻሽ ስመርጥ 'የግራዝማች ልጅ ለናዝሬቱ ነጋዴ ታጨች፣ ደስ ብሏት እሺ አለች' ሲሉ ሰማሁ። ደስ ብሏት። ሻሹን እዚያው ጥዬው መጣሁ።»

«ታዲያ መጥተህ አትጠይቀኝም?»

«አንቺስ 'ለምን ቀረህ' ብለሽ አታስጽፊም?»

ኩራት እንዲህ ነው፤ ሰውን በራሱ ቤት አስሮ፣ ቁልፉን በራሱ ኪስ ይከታል።

«እኅተማርያም፣ ነይ እስቲ ወዲህ» አለች ፈለቀች።

ጃርሶ ገባው። ጣቱን ከካንዴላው በፈቀፈቀው ጥላሸት ነክሮ በመኪናው አረንጓዴ ጎን ላይ ጻፈ። ፈለቀች አየችው፤ ለእርሷ የዶሮ ጭረት ነው።

«አንብቢልኝ።»

«ሂን...» አለች እኅተማርያም፣ «ዱ... ፋ።»

«ያን ቀን ያነበብሽልኝስ?»

የአስተማሪዋ ፊት አመድ መሰለ። ፊደሉን ደጋግማ አየችው። «ያን ቀን... መጨረሻዋ ፊደል ላይ ዘይት ነክቷት እግሯ ጠፍቶ ነበር። ፉ መሰለችኝ። እኔ ምን ላውቅ፣ ፈለቀች? ፋ ብትሆን ፉ ብትሆን ለኔ አንድ ናት።»

«እግሯ ጠፍቷል አትይኝም ነበር?»

«መች ፋታ ሰጠሽኝ? ነጥቀሽ እሳት ውስጥ ከተትሽው።»

አንዷ ፊደሉን ታውቃለች፣ ቋንቋውን አታውቅም። አንዷ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ፊደሉን አታውቅም። በፊደሉና በቋንቋው መካከል ፈለቀች አምስት ወር ተቃጥላለች። በማን ላይ እንደምትጮኽ አጣች፤ ለጊዜው ቅርቧ ያለው ጃርሶ ነው።

«አንተስ» አለችው፣ «ናዝሬት ውኃ የለም? በዘይት እጅህ ነው ለሰው ደብዳቤ የምትጽፈው?»

«ከመኪና ሥር ተኝቼ፣ አለቃዬ ሳያየኝ ነበር የምጽፈው። 'ለማፈቅርሽ፣ ለምናፍቅሽ' የሚለውን ሁሉ ጓደኛዬ ነበር የሚነግረኝ። የራሴ ቃል እሷ ብቻ ነበረች።»

«እሷኑ አበላሸሃት።»

«አዎ» አለ ጃርሶ። «እሷኑ አበላሸኋት።»

እንዲህ ብሎ አያምንልኝም ብላ ነበር። ዓይኗ ሞላባት። ለማንም ላለማሳየት ወደ ሜዳው ዞረች፤ ጉሙ ውስጥ የገብሱ ማሳ እንኳ አይታይም ነበር።

* * *

ስትዞር ጃርሶ ካንዴላውን መልሶ እያሰረ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያስተካከልኩት።»

ካቻቢቴውን ከእጁ ነጠቀችው። «ተወው። ይቁም። ጥሎሹ እዚሁ ጭቃ ላይ ይደር።»

«ስጪኝ።»

«አልሰጥህም።»

«ፈለቀች» አለ ቀስ ብሎ፤ ስሟን ከሁለት ዓመት በኋላ መጥራቱ ነው። «መኪናው ምን አደረገሽ? ሰውየውስ ምን አደረገሽ? ከእጄ የተበላሸ ሞተር ወጥቶ አያውቅም፣ ባንቺም ምክንያት አይወጣም። እምቢ የምትይ ከሆነ በአፍሽ በይ። መኪና እምቢ እንዲልልሽ አታድርጊ።»

በጥፊ ብትመታው ደስ ባላት። እውነቱን ነው። እሺ ያለችው ራሷ ናት፤ ማንም አፏን ይዞ አላስባላትም። ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወረችለት። አንሥቶ በሱሪው ጠረገው።

ካርቡራቶሩ ጎን ላይ ያለችውን፣ ቤንዚኑን የምትሰፍረውን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር ወደ ውስጥ አጠበቃት፤ ቆሞ አሰበ፤ ሌላ ሩብ ጨመረባት። አስነሣው። ሞተሩ አንዴ ጥቁር ተፋ፣ አንዴ ግራጫ ተፋ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ሊጠፋ ሲል ሌላዋን ብሎን ትንሽ ከፍ አደረገለት። ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ። እስትንፋሱ ቀስ በቀስ ገጠመ፤ ጠብቶ እንደተኛ ጥጃ እኩል እኩል መተንፈስ ጀመረ። ጭሱም ጠፋ።

ፈለቀች ያን ድምፅ ጠላችው። እንዲህ ሰላም ያለው ድምፅ በሕይወቷ የጠላችው ያን ቀን ብቻ ነው።

* * *

አቶ ኃይለየሱስ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ወረደ፤ ደስ ብሎት መኪናው ውስጥ ገባ፤ ጥሩንባውን ነፋ። ሴቶቹ እልልታቸውን እንደገና ጀመሩ። ፈለቀች መኪናውን ቀድማ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ሣጥኑ ወርዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቀመጥ እርሷ አባቷ ፊት ቆማለች። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባባ፣ አይከፈት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አይከፈት። አቶ ኃይለየሱስ ምንም ጥፋት የለባቸውም። እሺ ያልኩት በሌላ ሰው ተናድጄ ነው። በንዴት የተባለ እሺ ለእሳቸውም ስድብ ነው።»

አቶ ኃይለየሱስ ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ሣጥኑ አየ፣ በመጨረሻ ወደ እርሷ አየ። ያን ያህል ሰው እንዲያየው የሚወድ ሰው፣ ያን ጊዜ ማንም ባያየው ይመርጥ ነበር።

«ከሰርጉ በኋላ ከምትነግሪኝ ዛሬ ይሻላል» አለ። አጎንብሶ ሣጥኑን በገዛ ትከሻው ተሸከመው። ሊያግዙት የተነሡትን በእጁ መለሳቸው። ፈለቀች ያን ቀን ያፈረችው ለእሱ ብቻ ነው።

ግራዝማች ከዘራቸውን ጨበጡ። «ማን ነው እሱ?»

«ጃርሶ።»

«የጭሰኛዬ ልጅ?»

«መኪናው ሲቆም ያስጠሩት ሰው። ያን ጊዜ የጭሰኛዬ ልጅ ነው አላሉም።»

«ይህን ቤት አዋረድሽው» አሉ። ከዘራቸውን አነሡ። «ፊደል እንኳ ሳትቆጥሪ፣ ይኸው አዋረድሽው።»

«ፊደል ቢያስቆጥሩኝ ኖሮ፣ አባባ፣ ዛሬ እዚህ የሚዋረድ ሰው አይኖርም ነበር» አለች ፈለቀች። «እሳቸውም ከናዝሬት ድረስ አይለፉም፤ እርስዎም ሽማግሌ አያስቀምጡም፤ እኔም አምስት ወር እሳት አልጎርስም ነበር። ሁለት ቃል ነበረች። ሁለት ቃል ራሴ ማንበብ ነበረብኝ።»

ከዘራው ተነሥቶ ነበር፤ በአየር ላይ ቀረ። ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ቤት ገቡ። በሩን አልዘጉትም። ሲቆጡ በር የሚዘጉ ሰው ናቸው። አለመዝጋታቸው ልቧን ከዱላ ይልቅ ሰበረው።

* * *

ጃርሶ በር ላይ ከረጢቱን አንግቶ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

«አሁን ደስ አለህ?» አለችው።

«ከየት ይመጣል ደስታ? አባትሽ ይገድሉኛል።»

«ነገ ሽማግሌ ላክ።»

«ያባርሯቸዋል።»

«ከነገ ወዲያም ላክ።»

«ውሻ ይለቁባቸዋል።»

«ውሻውን እኔ አስረዋለሁ።»

ሳቀ፤ ገብስ ያፈሰሰ ቀን እንደሳቀው። እርሷ አልሳቀችም። «አትሳቅ» አለችው። «ገና አልታረቅሁህም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ ያን በር ማንኳኳት ያቃተህን ሰውዬ፣ እንዲህ በቀላሉ አልታረቅህም።»

«እስከ መቼ?»

«ንዴቴን እስክጨርስ ድረስ።»

«እጠብቃለሁ» አለ ጃርሶ፤ ቁልቁለቱንም ወረደ። ጉሙ እስኪውጠው ድረስ ፈለቀች ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። እኅተማርያም መጥታ «ግቢ፣ ብርዱ ይገድልሻል» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ፈለቀች አልሰማቻትም። ንዴቱ አሁንም ደረቷ ውስጥ ነበር፤ በአባቷ፣ በዚህች አስተማሪ፣ በዚያ ዘይታም እጅ፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። በዚያ የጎባ ብርድ ውስጥ ግን፣ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሞቃት።